በአለቱ ላይ የቀረችው ልጅ

ሹራቡን ልብ ያለችው ከረፈደ ነው።

አዳራሹ በወላጆች ጢም ብሎ ሞልቷል። ዳይሬክተሩ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩን ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ተቀምጧል። ልጆቹ እናት አባቶቻቸውን በእጅ እየጎተቱ፣ "የእኔን! መጀመሪያ የእኔን እዩልኝ!" ይላሉ። የተረት መምህሯ በዚህ ሁሉ መሀል ፈገግ እንዳለች ወደ ግራው ግድግዳ ተጠጋችና አንድ ሥዕል ፊት ቆመች።

ሥዕሉ ላይ ባሕር አለ። ባሕሩ ላይ አንዲት ጠባብ ጀልባ። ጀልባዋ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ርቆ፣ ከውሃው ብቅ ባለ አለት ላይ፣ ጥፍር የምታክል ልጅ ብቻዋን ቆማለች። ይኼ ሁሉ እሷ በክፍል ከነገረቻቸው ተረት የተወሰደ ነው። ከተረቱ ያልተወሰደው ሴትዮዋ የለበሰችው ነው። ግራጫ ሹራብ ለብሳለች፤ የሹራቡ ግራ ክርን ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጨርቅ ተጥፎበታል።

መምህሯ የራሷን ግራ ክርን በቀኝ እጇ ቀስ ብላ ሸፈነች።

ሥዕሎቹን ትናንት የሰቀለችው ራሷ ናት። የሥዕል መምህሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲለጥፍ እሷ ከታች እያቀበለች፣ "አንተ፣ ተጣመመ እኮ!" "የተጣመመውስ ያንቺ አንገት ነው!" ሲባባሉና ሲሳሳቁ አንዱንም በቅጡ ሳታየው ነበር ግድግዳው የሞላው። የባሰው ደግሞ ለዚህ ሥዕል መንገዱን የከፈተችው ራሷ መሆኗ ነው። የሩቅ አገር ሰዎች ተረት ለልጆች ሩቅ ሆኖ እንዳይቀር ብላ ያወጣችው ደንብ አላት። "ባለታሪኮቹን የምታውቁትን ሰው ልብስ አልብሷቸው" ትላቸዋለች። የበረሃው ንጉሥ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ቦት ጫማ አድርጎ ይመጣል። የተራራው ግዙፍ ሰውዬ የዳይሬክተሩን ክራቫት አስሮ ይመጣል፤ ዳይሬክተሩ ራሱ እስኪያነባ ስቆበታል። ልጆቹ በዚህ መንገድ የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ልክ እንደ ጎረቤት ወሬ ይወዱታል።

አሁን ግን ጀልባው ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ደግማ አየችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚዞር አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሥዕሉን የሣለችው የሚጡ አባት፣ ኢንጂነሩ ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ትልቅ ቤትና ትልቅ ሐዘን ያለው ሰው። እሷ ደግሞ ከእናቷ ጋር ሁለት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ። ከክረምቱ ወዲህ ይዋደዳሉ። ማንም አያውቅም ብለው ነበር። ፈተና እስኪያልቅ እንታገሥ፣ ከዚያ ለልጅቷም ለአክስቷም እኔው እነግራለሁ ብሏት ነበር። ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው የምትለው እሷ እንኳን፣ በሕይወቷ ለአንድ ጊዜ፣ ክፉ ነገር አይመጣም ብላ አምና ነበር።

ሥዕሉን ላውርደው ብላ እጇን ስትዘረጋ ከጎኗ አንድ ድምፅ፣ "ወይኔ! ይኼ የእኛ ነው!" አለ።

ነርሷ ናት። ተረቱ ከመጣባት ከዚያች ሩቅ ደሴት አግብታ የመጣች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች የምትናገር ለስላሳ ሴት። ልጇ ከሚጡ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች፤ ሁለቱ ከአንዳቸው ቤት አይጠፉም።

"መምህርት፣ ይቺኛዋ ልክ ናት። ሌሎቹ ልጆች ግን ተሳስተዋል" አለች ነርሷ፣ ወደ ጎረቤቶቹ ሥዕሎች እየጠቆመች። "እዩ፣ እንጀራ እናቲቱ ወደ አለቱ ስትዋኝ ስለዋል። ልጅቷን አቅፋ ስትመለስ ስለዋል። በእኛ እንዲህ አይደለም።"

"እንዴት ነው በእናንተ?" አለ ሌላ ድምፅ ከኋላ።

መምህሯ ሳትዞር አወቀችው። የሚጡ አክስት ናት። መምህራኑ በሌለችበት "ሻለቃዋ" ይሏታል። የሚጡ የምሳ ዕቃ ክዳኑ ላልቶ ደብተር ያበላሸ ቀን ትምህርት ቤቱን በአንድ እግሩ አቁማዋለች። እህቷ ከሞተች ወዲህ ቤቷን ዘግታ፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ እዚያ ቤት ገብታ ልጅቷን የምታሳድገው እሷ ናት።

"በእኛ ማንም አይመለስም" አለች ነርሷ። "አዲሷ ሚስት ጀልባው ለሦስት ይጠባል ትላለች። አባትየው ልጅቷን አለቱ ላይ ያወርዳታል። ውሃው ሳይሞላ እመጣለሁ ይላታል። ከዚያ ይረሳል። ውሃው ይሞላል። ልጅቷ ነጭ ወፍ ትሆናለች።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ "ለልጆች አይነገርም እኮ በእኛ። ሚስቱ ሞታበት ሌላ ሊያገባ ላሰበ አባት ነው የሚነገረው። ትልልቅ ሰዎች መሀል አስቀምጠው ይነግሩታል፤ እስኪያለቅስ። ሚጡና ልጄ ቤት መጥተው መጨረሻውን ሲጠይቁኝ ግን ነገርኳቸው። አጠፋሁ?"

"አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አለች አክስት። ዓይኗ ግን ነርሷ ላይ አልነበረም። ከሥዕሉ ሹራብ ወደ መምህሯ ሹራብ፣ ከመምህሯ ሹራብ ወደ ሥዕሉ ሹራብ ሄደ። መምህሯ ክርኗን የሸፈነችበት እጅ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ያኔ ኢንጂነሩ ሁለት የወረቀት ኩባያ ሻይ ይዞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሰው መሀል እየተሹለከለከ መጣ። "ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ የተሰበሰባችሁት?" አለ እየሳቀ። ሥዕሉን አየው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አንዱን ኩባያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገው። ያን ባያደርግ ይሻል ነበር።

"አንተ" አለች አክስት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "ይቺ ሴትዮ ማናት?"

"የቷ?"

"ጀልባው ላይ ከጎንህ የተቀመጠችው።"

"እታለም፣ ልጅ የሣለችው ነገር ነው እኮ..."

"ማናት ነው ያልኩህ።"

ነርሷ ነገሩ አልገባትም፤ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ታያለች። ወላጆች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። መምህሯ ዓይኑን ፈለገችው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ቢያያት ይበቃት ነበር፤ እሷም ምንም ባይናገር እንኳ የልቡን ታውቅለት ነበር። እሱ ግን ኩባያውን ነው የሚያየው።

"መምህሯ ናቸዋ" አለ። "አስተማሪያቸው ናቸው። ሌላ ምን ይሆናሉ?"

በዚያው ሳምንት መኪናው ውስጥ፣ "ያላንቺ ቤቱ ቤት አይመስለኝም" ያላት አፍ ነው ይኼን ያለው። "ናቸው" አለ። "ይሆናሉ" አለ። መምህሯ ሰው ፊት እንዲህ ከፍ ተደርጋ ተጠርታ፣ እንዲህ ዝቅ ብላ አታውቅም።

*

ወደ ስድስተኛ ክፍል ገብታ የጥቁር ሰሌዳውን ጠመኔ ያለ ምክንያት መደርደር ጀመረች። አክስት ተከትላት ገባችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።

"ቁጭ በይ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"እንደ ወደድሽ። እኔ ግን ጉልበቴ አይችልም።" ከልጆቹ ዴስክ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ጠባብ ነበር፤ ጉልበቷ ከሥሩ አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከክረምቱ ወዲህ።"

"ከክረምቱ ወዲህ!" አክስት ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ልጅቷ እየባነነች ስታለቅስ አቅፌያት ሳድር፣ አባቷ ለካ ፍቅር ይዞት ነው ፊቱ የበራው። እኔ ጅሏ ደግሞ ጤና ሆነ ብዬ ምስጋና አቀርባለሁ።"

"ልንነግርዎት ነበር። ከፈተና በኋላ።"

"ዝም በይ። ፍቅራችሁ አይደለም ያንገበገበኝ። ወንድ ነው፤ ያገባል። እህቴ አልጋ ላይ ሆና እጄን ይዛ፣ 'ያገባል፤ አትጣዪው፤ ልጄን ግን አደራ' ብላኛለች። እኔ አንቺ ላይ የምቆመው ለዚያች ለአደራዋ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንደ አስተማሪ መልሺልኝ። ተረቱን ለምን ለወጥሽው?"

መምህሯ ጠመኔውን አስቀመጠችው።

እውነቱ ቀላልም አሳፋሪም ነበር። ተረቱን መጽሐፍ ላይ ስታነበው መጨረሻውን ልክ ነርሷ እንደተናገረችው ሆኖ ነው ያገኘችው። ክፍል ገብታ መናገር ጀምራ አለቱ ጋ ስትደርስ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ሚጡ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ሳትነቅል እያየቻት ነበር። ያኔ ፈራች። ይቺ ልጅ ነገ ስለ እኔ እንጀራ እናትሽ ናት ሲሏት ይቺን ወፍ ነው የምታስታውሰው ብላ ፈራች። አፏ ሳያስፈቅዳት ሴትዮዋን ከጀልባው ዘላ እንድትዋኝ አደረጋት። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷም ደስ አላትና በማግስቱ ደገመችው።

"እንዳትጠላኝ ብዬ" አለች።

"ልታለማምጃት!" አክስት ዴስኩን በመዳፏ መታችው። "እንደ ጥጃ! ያ ሕዝብ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ጠብቆ ያቆየውን ነገር ወስደሽ፣ ጅራቱን ቆርጠሽ፣ ለራስሽ ሠርግ ማባበያ አደረግሽው። ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት! አምነንሽ ልጅ ሰጥተንሽ!"

"እውነትዎን ነው።"

"እውነትዎን ነው አትበዪኝ! ተከላከዪ እንጂ! ልሰድብሽ ነው የመጣሁት፤ አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ስትቆሚ ማንን ልስደብ?"

"ምን ብዬ ልከላከል? ያሉት ሁሉ ልክ ነው።"

አክስት ትንፋሿን አስገባች። ከዴስኩ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ መምህሯ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ እጇን መታ አደረገቻት። "እንዳትነኪኝ። አሁን ዳይሬክተሩ ጋ ነው የምሄደው። ሰኞ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳላይሽ።"

"ሰኞ ለልጆቹ እውነተኛውን መጨረሻ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጉት ይሁን።"

አክስት በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አልዞረችም።

"ልጅቷ ቤት ስትገባ የምታወራው ስለ ተረት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር" አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣው ላላ ብሎ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ። "እኔም ለሰው ሁሉ፣ 'እንደዚያች አስተማሪ ያለ አይገኝም' እል ነበር። አፌ ይቆረጥ።"

ስድቡን ሁሉ ችላው ነበር። ይኼኛው ግን አንጀቷ ድረስ ገባ።

*

ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ፣ ወንበር ሲሰበሰብ ይሰማል። መምህሯ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ሚጡ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ሥዕሉን ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"ያወረድኩት እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ። "አክስቴ እንዳትቀደው።"

"ጥሩ ሥዕል ነው።"

"አውቃለሁ።"

ልጅቷ የእናቷን ግንባርና የአባቷን ግትር አገጭ ይዛ ነው የተወለደችው። ሌላ ጊዜ "ቲቸር፣ ቲቸር" እያለች "እርስዎ" ካላለች የማትናገር ልጅ ናት።

"ለምን ዋሸሽን?" አለች። ዋሹን አላለችም።

"ፈርቼ።"

"ምንን?"

"አንቺን።"

ሚጡ ሳቀች፤ የልጅ ሳቅ አልነበረም። "እኔን? እኔን ማን ይፈራል? አይጥ እንኳ አይፈራኝም።" ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "እማዬ የታመመች ጊዜ ሁሉም እንደ አንቺ ነበር ያደረጉት። 'ተኝታ ነው'፣ 'ሐኪሞቹ ሊያሻሽሏት ነው'፣ 'ነገ ትመጣለች' ይሉኝ ነበር። ሰው ሁሉ መጨረሻውን ይቀይርልኛል። አንቺ ግን አትቀይሪም ብዬ ነበር። ዘንዶው ሰውዬውን ሲበላው፣ 'በላው' ነው የምትዪው። ሌሎቹ ልጆች ሲንጫጩ እንኳ፣ 'በላው፤ ምን ላድርገው' ትያለሽ። ለዚያ ነበር የምወድሽ።"

መምህሯ ቦርሳዋን መልሳ ዴስኩ ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬን ትወጂዋለሽ?"

"አዎ።" ይኼን ለመዋሸት አቅሙም ፊቱም አልነበራትም።

"እሱስ?"

"እሱን ጠይቂው።"

"ጠይቄዋለሁ። አሁን፣ ደረጃው ላይ። 'ማን ነገረሽ?' አለኝ።" ልጅቷ ጥቅሉን ሥዕል ደረቷ ላይ ጫን አደረገችው። "ማን ነገረሽ ይባላል? አዎ ወይም አይደለም ነው የሚባለው።"

"ልክ ነሽ።"

"እኔ አንቺን አልወድሽም። ድሮ ነበር የምወድሽ።"

"ድሮ?"

"ባለፈው ሳምንት።"

መምህሯ ይቅርታ አድርጊልኝ ልትላት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ይቅርታ ጠይቃ ልጅቷን "እሺ" ማሰኘት ሌላ ማባበያ መስሎ ታያት። "ሰኞ የጓደኛሽ እናት መጥተው ተረቱን እንዲነግሯችሁ እጠይቃቸዋለሁ" አለች በምትኩ። "የእነሱ ነው። እሳቸው ይንገሩት። እኔም ለክፍሉ ሁሉ የለወጥኩት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ።"

ሚጡ አሰበችበት። "እሳቸው ካንቺ በደንብ ነው የሚናገሩት" አለች። "ወፏ ስትጮኽ እንደ ወፏ ይጮኻሉ።"

ዞራ ሄደች። የአንድ እግሯ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ይጎተታል። ትወድቃለች፣ ደረጃው ላይ ትወድቃለች፣ ጥርሷ ይሰበራል ብላ መምህሯ ልትሮጥ ተነሳች። ግን ያን ማሰሪያ ለማሰር መብት ያላት ሰው መሆኗ ዛሬ አብቅቷል። እጆቿ ባዶአቸውን ከጎኗ ተንጠለጠሉ፤ እንዲህ ከብደዋት አያውቁም።

*

"ከሥራ አባረሩሽ፤ አይደል?" አሏት እናቷ፣ ገና ከበሩ ስትገባ። "ፊትሽ ይናገራል። እኔማ ጠዋት ብርጭቆው ከእጄ ሲወድቅ ነው ያወቅኩት።"

"ገና አልተባረርኩም፣ እማዬ።"

"ገና! 'ገና' ትለኛለች!" እናት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ሰውየውስ?"

"ደህና ነው።"

"የእሱን ደህንነት ማን ጠየቀሽ? ባለመኪና ሰው ለእንደኛ ያለ ቤት ደግ ይዞ አይመጣም ብዬሽ ነበር። ኋላ አልቅሰሽ አልቅሰሽ ዓይንሽ ይጠፋል፣ ያለ ዓይን ደግሞ ማን ሥራ ይሰጥሻል... በሩን ቆልፊው እንጂ! ይኼ ደረጃ ሌባ የሚርመሰመስበት ነው።"

"ትንሽ ይቆይ።"

እናት ገባቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና ሻይ ሊጥዱ ወደ ማድ ቤቱ ገቡ። ቆይተውም፣ "ቆለፍሽው?" አሉ። "አሁን" አለች። ሻዩ ቀርቦ ቀዘቀዘ። "ኧረ ቆልፊው ልጄ፣ መሸ!" "እሺ፣ አሁን።" ትናንሽ እግሮች፣ ትላልቅ እግሮች ደረጃውን ወጡ፣ አለፉ። የእሱ አልነበሩም። የእሱን እርምጃ ከሺህ ትለየዋለች።

የመስኮቱ ብርሃን ሊጠፋ ሲል ኢንጂነሩ መጣ። ልቧ ከጆሮዋ ቀድሞ ሰማው።

በሩን ከፈተችው። ትንፋሹ ተቆራርጧል። እናት ሰላምታ ሳይሰጡ ተነስተው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ፤ እዚያ ሆነውም እየሰማሁ ነው ለማለት ያህል ሳል አሉ።

"ግባ አላልሽኝም" አለ።

"አላልኩህም።"

"ገባኝ። የፈለግሽውን በዪኝ። እታለም እንደዚያ ስትጠይቀኝ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሰው ሁሉ እያየ..."

"እኔንም ሰው ሁሉ እያየ ነበር።"

"አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ ነው የዋልኩት። አሁን ግን ቆርጫለሁ። ሁሉንም ጨርሻለሁ።" እጇን ያዘ። አልነጠቀችውም። ሞቃት ነበር፤ ያ የምታውቀው እጅ ነው። ከአዳራሹ ወዲህ የሞተ መስሏት የነበረው ተስፋ ከውስጧ ቀና ማለት ጀመረ። "እንጋባለን። በዚህ ወር። ማንም ምንም ቢል ግድ የለኝም። እታለምን አመስግኜ ወደ ቤቷ እሸኛታለሁ።"

"ሚጡስ?"

"እሷንም አስቤበታለሁ። አንድ ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ልጆቹን እዚያ ነው የሚያስተምረው። ግቢው ሰፊ፣ አየሩ ጥሩ። ለጊዜው ነው፤ ነገሩ እስኪበርድ። ከዚያ ሄጄ አመጣታለሁ።"

ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማ የነበረው የእናት ሳል ቆመ።

መምህሯ ፊቱን አየችው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለላት። የደከመው፣ ሁሉም እንዲወደው የሚፈልግ፣ ልጁን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው፤ ያንን ከአፉ ሲያወጣም ጆሮው አልሰማውም። እጇን ቀስ አድርጋ ከእጁ ውስጥ አወጣች።

"አልፈልግም" አለች።

"ምኑን?"

"እሷ ከቤቷ ወጥታ እኔ መግባቴን።"

"ላንቺ ብዬ እኮ ነው!"

"ለእኔ ብለህ አታድርገው! ለእኔ ተብሎ ልጅ ከአልጋዋ፣ ከጓደኛዋ፣ ካሳደገቻት አክስቷ ትነቀል? በእኔ ልታሳብበው ነው?"

"አንቺን ስትሰድብ፣ ሥዕል ሥላ አገር ስታሳይ የዋለችው ልጅ ናት እኮ!"

"ደግ አደረገች።"

"እኔስ?" አለ፤ አሁን ድምፁ ጮኸ። ደረጃው አስተጋባው። "እኔ ሰው አይደለሁም? በአንዲት ሬሳና በሁለት ሴት መሀል ቆሜ፣ የሁሉንም ፊት እያየሁ ልሙት? አንድ ቀን እንኳ ለራሴ ብኖር ኃጢአት ነው? ንገሪኝ፣ አስተማሪ አይደለሽ! አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ድጋሚ ይኼን ድፍረት አላገኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው መቼም አይሁን።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

"አትወጂኝም ማለት ነው" አለ።

"እወድሃለሁ። ከሰዓት በኋላ በሰው ፊት ስትክደኝ እንኳ እወድህ ነበር፤ አሁንም እየጮኽክብኝ እወድሃለሁ። ስማኝ። እሷን ይዘህ ብትመጣ፣ እየሰደበችኝ፣ ሳህን እየሰበረች፣ ፊቴ ላይ በር እየዘጋች ብትኖር፣ እችላለሁ። አሥር ዓመትም ቢፈጅባት እችላለሁ። እሷን ጥለህ ከመጣህ ግን እኔ አንተን አላውቅህም። ነገ እኔንም ለጊዜው ብለህ የሆነ ቦታ ታስቀምጠኛለህ።"

በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ቀላ። መነጽሩን አወለቀ፣ አየው፣ መልሶ አጠለቀው።

"ጨርሰሻል?" አለ።

"ጨርሻለሁ።"

ዞረ። ደረጃውን መውረድ ጀመረ። መምህሯ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋው ቆመች። እርምጃዎቹ ወረዱ፣ ወረዱ፣ ከዚያ ከታችኛው ፎቅ ደርሰው ቆሙ።

እናት ከመጋረጃው ጀርባ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ቆመ" አሉ በሹክሹክታ። "ስሚ፣ እግሩ ቆመ እኮ። ልጄ፣ እኔ የምለውን ሁሉ አትስሚኝ፤ እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ትንሽ ቆዪ። አትቆልፊው። ይመለስ ይሆናል።"

"ልጁን ሳይዝ ብቻውን ቢመለስ እንኳ እኮ እከፍትለታለሁ፣ እማዬ፤ ለዚያ ነው የምቆልፈው" አለች መምህሯ፣ እንባዋ እየወረደ፤ ዞራም መቀርቀሪያውን ወረወረችው።